ጫማውን መልሶ ያደረገው ሰው

ዘንበል ሁለተኛውን ዙር በባዶ እግሩ ካሸነፈ በኋላ፣ ሦስተኛው ሊጀመር ሲል ጫማውን መልሶ ያደረገው ለምንድን ነው? ክሬነኛው ይህን ጥያቄ አምስት ወር ሙሉ ሲያገላብጠው ከረመ። ክሬኑ ላይ ተቀምጦ፣ ከእግሩ በታች ኮንቴነር ተንጠልጥሎ ሳለ ራሱን ጠየቀ። ጺሙን ሲላጭ ጠየቀ። እህቱ ፊት ቁጭ ብሎ ሻዩን ሲያማስልም፣ አፉን ሳይከፍት፣ ጠየቀ። መልስ ግን አላገኘለትም።

ዘንበል የእህቱ ባል ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ያን ስም የሚያውቁት ግን የመርከብ ድርጅቱ መዝገብና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ ሚስቱም የምትጠራበት ስትቆጣ ነው። ዘንበል ያሉት መርከበኞች ናቸው። መሬት ላይ ሲራመድ መጀመሪያ አንደኛው ትከሻው ይወርዳል፣ ከዚያ ሌላው። መንገዱ ደልዳላ ሆኖ ሳለ እሱ ዳገትና ቁልቁለት የሚያፈራርቅ ይመስላል። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ላይ ይጠጣል ብሎ አምቶታል። ኋላ ግን ጠዋትም እንደዚያው፣ ማታም እንደዚያው መሆኑን ሲያይ ሐሜቱን ተወው።

የተወለደው ከወደቡ ጀርባ፣ ከረጢት ሰፍቶ ከሚያድር አባት ነው። ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱን አቋርጦ መጋዘን ውስጥ ዕቃ መሸከም ጀመረ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የሞተር ክፍል ጠራጊ ሆኖ መርከብ ላይ ወጣ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ዘይት አጠጪ አደረጉት። ሥራው በሚሽከረከር ብረት ዙሪያ መዞር ነው። መዳፉን ብረቱ ላይ ጭኖ ሙቀቱን ይለካል፣ የጎደለውን ዘይት ይሞላል፣ የፈሰሰውን ይጠርጋል፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። የሞተሩ ጩኸት ግራ ጆሮውን ስላደከመው ከሰው ጋር ሲያወራ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ዝም ሲል ግን እንደ እሱ ዝም የሚል ሰው የለም። እንዲህ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት ሠራ።

መርከብ ላይ ሥራ ሲያልቅ የሚኬድበት የለም። ጎረቤት የለ፣ ገበያ የለ። ስለዚህ መርከበኞች ይጫወታሉ። ባሕሩ ፀጥ ባለ ቀን ከላይኛው ወለል ላይ፣ በዕቃ ማስገቢያዎቹ መካከል፣ ኳስ ይጫወታሉ። ኳሱ መረብ ከረጢት ውስጥ ገብቶ በረጅም ገመድ ከምሰሶ ጋር ታስሯል፤ መጀመሪያ የገዟቸው ሦስት ኳሶች ባሕር ገብተው ቀርተዋልና። ገመዱን በጥሶ ኳሱን ወደ ባሕር የላከ ሰው አንድ ሳምንት የሠራተኛውን ሁሉ ድንች ይልጣል። መርከቧ ባዶዋን ስትመለስ ደግሞ ዕቃ መጫኛው ሆድ ውስጥ ወርደው መረብ ኳስ ይጫወታሉ። ግድግዳው ብረት ስለሆነ አንድ ሰው ሲስቅ አሥር ሰው የሳቀ ይመስላል።

ዋናው ጨዋታ ግን መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ያለው የጠረጴዛ ቴኒስ ነበር። ጠረጴዛውን የመርከቧ አናጢ ከሁለት ሳንቃ ገጣጥሞ ሠራው፤ የብረት እግሮቹን ወለሉ ላይ በየዳቸው። ከደንቡ በአንድ ጣት ይጠባል፤ ማንም ግን ለክቶት አያውቅም። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ሦስት ዓምድ አለው፤ ሁለቱ ለተጫዋቾቹ፣ ሦስተኛው «መርከቧ» ይላል። ኳሱ አየር ላይ ሳለ መርከቧ ተዘንብላ ሁለቱም እንዳይደርሱበት ካደረገች፣ ነጥቡ የእሷ ነው። አሥራ አንድ ቀድማ የሞላችበት ቀን ብዙ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች ተሸንፈው ራኬታቸውን ያስቀምጣሉ፤ አብሳዩ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «እመቤቲቱ ደግሞ ደበደበቻችሁ» ይላቸዋል።

ሌሎቹ መርከቧ ወደ የት ልትዘነበል እንደሆነ ለማወቅ የመስኮቱን መጋረጃ ያያሉ። አንዱ ሳህን ውስጥ ሾርባ አስቀድቶ ሾርባውን እያየ ይጫወት ነበር። ዘንበል ምንም አያይም። ከሞተሩ ጋር የኖረ ሰው ስለሆነ የመርከቧ ነገር ከመምጣቱ በፊት ከጫማው ሶል በኩል ይሰማዋል። ወለሉ ከመነሣቱ በፊት ገላው ተነሥቶ ይጠብቀዋል፤ ኳሱ የሚመጣበት ቦታ ላይ እጁ ቀድሞ ይገኛል። መርከቧ ከእሱ ላይ ነጥብ ያገኘችባቸው ቀኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሰውማ አንድም ጊዜ አላሸነፈውም።

ወደብ ሲደርሱ ነገሩ ሌላ ነው። መርከበኞቹ ከሌላ መርከብ ሠራተኞች ጋር መጋዘኖቹ ጀርባ ባለው ጠጠራማ ሜዳ ኳስ ሊጫወቱ ይወጣሉ፤ ወይም ወደ መርከበኞች ክበብ ሄደው በክበቡ ጠረጴዛ ይጫወታሉ። ዘንበል አይወጣም። «ሂዱ፣ እኔ አለሁ» ይልና የሌላውን ሰው ተራ ጭምር ይዞ ሞተር ክፍል ይቀራል። ሁሉም ደግነቱ ነው ብለው ያምናሉ። ሲመለሱ ሳሙና፣ ብርቱካን፣ አንዳንዴም ካልሲ ያመጡለታል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲሆን፣ ይህ ሰው በማይነቃነቅ ወለል ላይ ቆሞ ሲጫወት አይቼዋለሁ የሚል አንድ ሰው እንደሌለ ልብ ያለ አልነበረም።

ክሬነኛውም ልብ አላለም። ስሕተቱ ከዚያ ይጀምራል።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው። ከዘንበል ጋር ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ከአሥራ አንዱ ውስጥ ቤት ያሳለፈው ቢደመር ሁለት ዓመት አይሞላም። የስምንት ዓመት ልጅ አለቻቸው። ልጅቱ ማንም ሳያዛት አባቷን አንቱ ትለዋለች፤ «ይቀመጡ» ትለዋለች፤ «ይብሉ እንጂ» ትለዋለች። ጎረቤቶች ጨዋ ልጅ ነች ይላሉ። እናቷ ይህን በሰማች ቁጥር መርፌ ትሰብራለች።

በዚያ ዓመት መርከቧ ከኋላ የሚገፋት መዘውር ተሰብሮ ለጥገና ወደቡ ውስጥ ገባች፤ ዘንበልም አሥራ አንድ ቀን እረፍት አገኘ። በሦስተኛው ቀን ክሬነኛው እየተጣደፈ ቤታቸው መጣ።

«አማቼ፣ ሥራ አግኝቼልሃለሁ» አለው፣ ገና በሩን ሳይዘጋ።

«ሥራ አለኝ እኮ።»

«ማታ ማታ ቤትህ የምትገባበት ሥራ ነው የምልህ።»

ስፌት መኪናው ቆመ። እህቱ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሣች እንጂ ዞር አላለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመርከበኞች ክበብ የስፖርት አዳራሹን የሚጠብቀው ሽማግሌ ጡረታ ወጥቷል። ምትኩ የሚሆነው ሰው አዳራሹን ከመጠበቅ ሌላ ጀማሪዎችን ያሠለጥናል፤ ከሌሎች ክበቦች ጋር ግጥሚያ ሲኖርም ቀድሞ የሚሰለፈው እሱ ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ደንብ አወጣ፤ ቦታውን የሚፈልግ ሁሉ ከክበቡ አንደኛ ተጫዋች ጋር ተጋጥሞ ከሦስት ዙር ሁለቱን ማሸነፍ አለበት። አንደኛው ተጫዋች የጉምሩክ ጸሐፊ ነው። ክሬነኛው በክበቡ ኮሚቴ ውስጥ ስላለ ተነሥቶ ተናገረ። «የእህቴን ባል መርከብ ላይ የሚያሸንፈው ሰው ገና አልተወለደም» አለ። ዋስ ሆነለት፤ ቀኑም ሐሙስ ተባለ።

ዘንበል ሁሉንም ሰማ።

«ጠረጴዛው የተበየደ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ምን?»

«የክበቡ ጠረጴዛ። እግሩ ወለሉ ላይ ተበይዷል ወይስ እንዲሁ ነው የቆመው?»

«አንተ ሰው፣ ሥራ አገኘሁልህ ስልህ የጠረጴዛ እግር ትጠይቀኛለህ?»

«እንዲያው ለማወቅ ነው።»

«እንዲሁ ነው የቆመው። አራት እግር ቢኖረውም አይሮጥም፤ አይዞህ።»

እህቱ ሳቀች። ዘንበልም ፈገግ አለ፤ ከዚያ መዳፉን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጭኖ ለረጅም ጊዜ ሳያነሣው ቆየ። ክሬነኛው ይህን ያስታወሰው በኋላ ነው።

ሊወጣ ሲል እህቱ እስከ ግቢው በር ሸኘችው።

«ጋሼ፣ ስማኝ» አለችው። «ይህ ሰውዬ ሲሄድ ሁልጊዜ ግማሽ ልብሱን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ትቶ ነው። ያን ልብስ እያየሁ አሥራ አንድ ዓመት ጠበቅሁ። አምስት ጊዜ ‘ይህ የመጨረሻዬ ነው’ ብሎኛል።»

«አሁን እኮ ሥራው እጁ ላይ ነው።»

«ለዚያ ነው የምነግርህ። እጁ ላይ ያለውን አውቆ ጥሎ ከሄደ ልብሱን ሙሉውን አስሬ እሰጠዋለሁ። አንዲት ካልሲ አትቀርም። ግማሽ ባል በቃኝ።»

«ሞክሮ ቢያቅተውስ?»

«ሞክሮ ካቃተው ሌላ ነው። እንደ ወትሮው ግማሹን ይዞ ይሄዳል፤ እኔም እጠብቃለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ አይቀርም፤ ያሸንፋል።»

«እንዳፍህ ያድርገው» አለችና ተመለሰች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ግን ቆም ብላ «እንቅልፍ አይወስደውም እኮ፣ ጋሼ» አለች። «ከመጣ ጀምሮ አልተኛም። ጋደም ይላል፣ ዓይኑ ግን ጣራው ላይ ነው። ሁልጊዜም ሲመጣ እንዲህ ነው፤ አፍሬ አልነገርኩህም።»

ክሬነኛው የድካም ነገር ነው ብሎ አሰበ። ክሬን የሚነዳ ሰው ስለ እንቅልፍ አይጨነቅም፤ ቤቱ ገብቶ ጋደም ካለ እስኪነጋ ድረስ አይነቃም።

ሐሙስ ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ሁለት ትልልቅ መስኮቶች ወደ ወደቡ ይከፈታሉ፤ ፀሐይ በመስኮቶቹ ገብታ ከጠረጴዛው በአንድ በኩል ወለሉ ላይ ተኝታለች። እህቱና ልጅቱ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እህቱ ለሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳለች። ከመርከቧ አብሳዩና አራት መርከበኞች መጥተው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አስቀምጦ፣ ደብተር ይዞ፣ መረቡ ትይዩ ተቀመጠ። የጉምሩክ ጸሐፊው ቀጭን ሰው ነው፤ እጅጌውን ሰብስቦ ራኬቱን በመሐረብ እየወለወለ ይጠብቃል።

«ዘንበል፣ ዛሬ እመቤቲቱ የለችም፤ ነጥብ የሚሰርቅህ የለም» ሲል አብሳዩ ቀለደ። መርከበኞቹ ሳቁ።

የመጀመሪያው ዙር አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ጸሐፊው ኳሱን ለጋ፤ ዘንበል ኳሱ መረቡን ሳያልፍ ወደ ግራ ተዘነበለ፤ ኳሱ በቀኙ አለፈ። እንደገና ለጋ፤ ዘንበል ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ አለ፤ ኳሱ ከራሱ በላይ አለፈ። እጁ የሚደርሰው ወለሉ ቢነሣ ኖሮ ኳሱ ይመጣበት በነበረው ቦታ ላይ ነው። ወለሉ ግን አልተነሣም። ገላው የለመደውን ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው አይመጣም፤ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ወደ ሌላው በኩል ያካክሳል፤ ያን ጊዜ ኳሱ ከሄደ ቆይቷል።

«ኧረ ጎበዝ፣ አንድ ሰው ሕንፃውን ይግፋለት» አለ አብሳዩ፤ ከአነጋገሩ ግን ሳቁ ጠፍቶ ነበር።

አሥራ አንድ ለሦስት። ሥራ አስኪያጁ ጻፈና ክሬነኛውን ቀና ብሎ አየው። የክሬነኛው ጆሮ ጋለ። አፈር ብላ ያሉት መሰለው።

በዙሮቹ መካከል የአምስት ደቂቃ እረፍት አለ። ዘንበል አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ፈታ። ካልሲዎቹን አወለቀ፣ አጠፈ፣ ጫማዎቹ ውስጥ ከተተ፣ ጫማዎቹን አግዳሚው ሥር ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጠ። ከዚያ በባዶ እግሩ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ። ሞተር ክፍል ውስጥ ብረቱን በመዳፉ እንደሚያዳምጥ ወለሉን በውስጥ እግሩ የሚያዳምጥ ይመስል ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከመነጽሩ በላይ እግሮቹን ተመለከተ።

ሁለተኛው ዙር የሌላ ሰው ጨዋታ ነበር። ዘንበል አልተዘነበለም። የእግር ጣቶቹን ዘርግቶ ጣውላውን ጨብጦ ቆመ፤ ኳሱን ካየ በኋላ ብቻ ተንቀሳቀሰ። እጁ ያው ፈጣኑ እጅ ነው። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። ስምንት ለስምንት ሲደርሱ መርከበኞቹ እንኳ መቀለድ ተዉ። አሥራ አንደኛዋን ዘንበል ሲያስገባ ልጅቱ አጨበጨበች፤ ከዚያ እናቷን አየችና እጆቿን ጭኗ ላይ መለሰች። እናቷ ከቀሚሷ ጠርዝ ላይ ክር እየመዘዘች ነበር። እያንዳንዷን ስፌት የሠራችው ራሷ ስትሆን፣ አንድ ጣት የሚሆን ተረተረችው።

«አልነገርኳችሁም?» አለ ክሬነኛው ሥራ አስኪያጁን። «ማሟሟቂያ ይፈልጋል ሰውየው።»

እረፍቱ ሊያልቅ ሲል ዘንበል ወደ አግዳሚው ሄደ። ካልሲዎቹን አደረገ። ጫማዎቹን አደረገ። ክሩን ሁለት ጊዜ ቋጠረ። ክሬነኛው ሊጮህ ፈለገ። ምን ብሎ ይጮኻል? ጫማ ማድረግ ጥፋት አይደለም።

ሦስተኛው ዙር ቀላል ሽንፈት አልነበረም፤ ነገሩን ያወሳሰበውም ይኸው ነው። እንደ መጀመሪያው አሥራ አንድ ለሦስት ቢሆን አቃተው ይባል ነበር። ዘንበል ግን አንዴ ተዘንብሎ ነጥብ ይሰጣል፣ አንዴ ቀጥ ብሎ ነጥብ ያመጣል። አምስት ለአምስት ሆኑ። ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆኑ። ጸሐፊው አሥረኛዋን አገኘ። የመጨረሻዋ ኳስ ከፍ ብላ፣ ቀስ ብላ መጣች፤ ልጅቱ እንኳ ልትመልሳት የምትችል ዓይነት። ክሬነኛው በዚያች ቅጽበት ዘንበል ወደ መስኮቱ ያየ መሰለው። በመስኮቱ በኩል የመርከቧ ጭስ ማውጫ ይታያል። ያየ መሰለው እንጂ ይምላል ማለት አይደለም። ዘንበል ወደ ግራ ተዘነበለ፤ ኳሷም በቀኙ በኩል አልፋ ወለሉ ላይ ነጠረች፣ ነጠረች፣ ነጠረችና ፀሐዩ ውስጥ ቆመች።

«ጥሩ ተጫዋች ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ደብተሩን እየዘጋ። «ደንብ ግን ደንብ ነው።»

የጉምሩክ ጸሐፊው እጁን ዘረጋ። «ሁለተኛውን ዙር እንዴት አድርገህ ነው የተጫወትከው?» ሲል ጠየቀው።

«በእግሬ» አለ ዘንበል።

እህቱ ከአግዳሚው ተነሥታ ወደ ባሏ ቀረበች። የጮኸችው ጆሮው እንዲሰማ እንጂ በቁጣ አልነበረም።

«ጫማህን ለምን መልሰህ አደረግህ?»

«ወለሉ ቀዘቀዘኝ።»

ሰዎቹ ወደ በሩ ሲሄዱ ክሬነኛው ወደ ኋላ ዞር ሲል አያት። ጎንበስ ብላ መዳፏን ወለሉ ላይ ጭናለች፤ መጀመሪያ ጥላው ላይ፣ ከዚያ ፀሐዩ ላይ። ቀና አለች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ምን እንዳገኘች አልጠየቃትም። ከወር በኋላ በዚያው ሰዓት አዳራሹ ገብቶ፣ ሰው እንዳያየው ዙሪያውን አይቶ፣ ወለሉን ነክቶት ነበር። ሞቅ ይላል። ግን ያን ቀን አየሩም ሞቃት ነበረ፤ ስለዚህ ምንም አላወቀም።

በማግሥቱ እህቱ ክሬነኛው ቤት መጣች። አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ አንተ ወንድ ነህ፣ ሠራተኛ ነህ፣ ታውቀዋለህ። አውቆ ነው?»

«እንጃ።»

«በባዶ እግሩ ችሎ ነበር እኮ። አይተሃል አይደለም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

ክሬነኛው አሰበ። አይ፣ ሥራ አስኪያጁ እግሩን ሲያየው አፍሮ ነው ሊላት ይችላል። መርከብ ላይ ማንም በባዶ እግሩ አይጫወትም፣ ልማድ ጎትቶት ነው ሊላትም ይችላል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ጠረጴዛው የተበየደ ነው ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው ትዝ አለው፤ መስኮቱም ትዝ አለው። የእህቱን ዓይን እያየ የማያውቀውን ነገር መናገር አቃተው።

«አላውቅም» አላት።

«እሱን ራሱን ጠይቄዋለሁ» አለች። «ቀዘቀዘኝ ነው የሚለው። ሌሊቱን ሙሉ ጣራ ሲያይ አድሮ፣ ጠዋት ስጠይቀውም ቀዘቀዘኝ ነው የሚለው።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«የምሰፋው አለኝ» አለችና ሄደች።

ቅዳሜ መርከቧ ትሄዳለች። ክሬነኛው ወደ ሥራው ሲያልፍ አማቹን ሊሸኝ ጎራ አለ። ሻንጣው በሩ አጠገብ ተቆልፎ ቆሟል። ዘንበል ልጁን ጎንበስ ብሎ ሳማት፤ «በደህና ይግቡ» አለችው። እህቱ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ተነሥታ እጁን ጨበጠችው፤ እንደ ጎረቤት። ከዚያ ተመልሳ ፔዳሉን ረገጠች።

«እኔ ልያዝልህ» አለና ክሬነኛው ሻንጣውን አነሣ።

ይህ ሰው አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሸክም ሲያነሣ የኖረ ነው። ሃያ ቶን ከመሬት ሲላቀቅ ከመሣሪያው እጀታ በኩል ጣቱ ላይ ይሰማዋል፤ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ሲበልጥም ሲያንስም ያውቃል። ከዚህ በፊት ይህንኑ ሻንጣ አምስት ስድስት ጊዜ እስከ ወደቡ ተሸክሞታል። ከደጃፉ ላይ ሲያነሣው ሁሉንም አወቀ። ዞር ብሎ እህቱን አያት። እሷ መርፌዋን ነበር የምታየው።

እስከ ወደቡ በር ድረስ ስለ መዘውሩ ጥገና አወሩ። በሩ ላይ ሻንጣውን ተቀባበሉ። ዘንበል ያዘው፣ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ቆመ፣ ወደ ሌላው እጁ አዛወረው።

«ከብዷል» አለ።

«አዎ» አለ ክሬነኛው።

ዘንበል ሻንጣውን ለአፍታ ተመለከተው። ክሬነኛው አሁን አንድ ነገር ይላል፣ ወይ ይመለሳል ብሎ ጠበቀ። ለመመለስ ሰዓት ነበር፤ የመርከቧ መወጣጫ መሰላል የሚነሣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

«ደህና ሁን፣ አማቼ» አለው ዘንበል፤ ያች ከፍ የምትል ድምፁ እንዳለች ናት። ትከሻዎቹን እያፈራረቀ፣ በሻንጣው በኩል ትንሽ አብዝቶ እየተዘነበለ፣ መሰላሉን ወጣ።

ክሬነኛው ወደ ሥራው ገባ። ከክሬኑ ላይ ሆኖ መርከቧ በሁለት ጎታች ጀልባዎች እየተመራች ስትወጣ አየ። ወደቡ ውስጥ ውኃው እንደ ጠረጴዛ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የማዕበል መከላከያውን ግንብ አለፈች፤ እዚያ ላይ አፍንጫዋ ዝቅ አለ፣ ከዚያ ከፍ አለ፣ ከዚያ ወደ ጎን መወዛወዝ ጀመረች። አንድ ኮንቴነር አንጠልጥሎ ስለነበር ብዙ አላየም።

ከአምስት ወር በኋላ መርከቧ ስትመለስ መሰላሉ ሥር ሄዶ ቆመ። ዘንበል አልወረደም። አብሳዩ ከረጢቱን ይዞ ወረደ።

«የእህትህ ባል? እሱማ ሩቅ ወደብ ላይ ወደ ሌላ መርከብ ተዛወረ። ዘይት አጠጪ ጎድሏቸው ነበር፣ እኔ ልሂድ አለ። ሰሌዳው ላይ አሁን መርከቧ ብቻዋን ነው የምታሸንፈን።»

«ስለ ግጥሚያው አውርቶ ያውቃል? ስለ ጫማው?»

«ስለ የቱ ጫማ?»

ክሬነኛው አስረዳው። አብሳዩ ከረጢቱን መሬት አስቀምጦ አሰበ።

«አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም» አለ። «አንድ ነገር ግን አይቻለሁ። የሄድን ቀን ተራው ማታ ስለነበረ ሻንጣውን ይዞ ክፍሉ ገባ። ሾርባ ላደርስለት ሄድኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሻንጣው ተከፍቶ ፊቱ ነው፤ ያለው ልብስ ሁሉ ውስጡ ነው፣ የክረምቱም የበጋውም። እጁን ልብሱ ላይ ጭኖ ዝም ብሎ ያያል። ሾርባውን ተቀበለኝና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ግንቡን ካለፍን በኋላ ሳህኑን ልወስድ ተመለስኩ።»

«እና?»

«ሾርባው አልተነካም፤ ሳህኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። እሱ ጫማውን እንዳደረገ፣ ክሩ ሁለት ጊዜ እንደተቋጠረ፣ በጀርባው ተንጋሎ ተኝቷል። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አልተኛሁም ብሎኝ ስለነበር ልብ ብዬ ሰዓቴን አየሁ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ነበር።»